ይዤዋለሁ በለኝ

ሐምሌ፣ ጅማ። ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ ቆርቆሮ ይቀጠቅጣል፤
ካርድ ክፍሉ ጥግ ላይ፣ ያረጀው ኮምፒውተር አቧራ እየጠጣ ያቃስታል።
ሥራዬ ቀላል ነበር፤ ከዚህ አንስቶ ወዲያ ማስቀመጥ፣
ከሚሞተው ዲስክ ወደ አዲሱ
ሃያ ሺህ ሕመምተኛ ማሻገር፣ አንዱም ሳይናወጥ።
ፕሮግራሜ ሁለት መስመር ነበረች፣ በአንድ ሻይ ጊዜ የጻፍኳት፤
«ቁረጥ»፣ «ለጥፍ» የምትል፣ እንደ እህቴ የማምናት።

መብራት ሄደ።

አጂፕም፣ ቆጪም፣ ፈረንጅ አራዳም ባንዴ ጨለመ፤
ጄኔሬተሩ ነቅቶ እስኪያስል፣ አንድ ፋይል መሀል መንገድ ቆመ፤
ከዚያ ተነስቷል። እዚህ አልደረሰም።
ስሙን አየሁት በአዲሱ ዲስክ ላይ፤ «ነኢማ አባ ዋሪ»።
ከፈትኩት። ዜሮ ባይት።
ባዶ ቀፎ ነው፣ ያለ ነዋሪ።

«ቁረጥ» ስል ፋይሉን ነበር፤
የሚቆረጠው ተስፋ መሆኑን ማን ነገረኝ፣ ከዚያች ምሽት በስተቀር?

ጋሽ ጡሃ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ካርድ ያወጣ፣ ካርድ የመለሰ፣
መነጽሩን በክር ያሰረ፣ ክረምት ከበጋ ያንን ቡኒ ካፖርት የለበሰ፣
አልተቆጣኝም። ሻማ ለኩሶ ወደ መደርደሪያው ወሰደኝ፤
ከሁለት ወፍራም ካርዶች መሀል አንዲት ቢጫ ካርቶን አሳየኝ።
«ወደ ራጅ ክፍል ሄዷል። ማክሰኞ። ወሳጅ፦ ሲስተር ብርቄ።»
ስንቴ አልፌያት ነበር፣ ቁራጭ ካርቶን ብዬ ንቄ።

«ካርድ ሲወጣ» አለኝ፣ «ቦታው ባዶ አይሆንም፤
ይቺ ዘብ ትቆማለች፤ እስኪመለስ አትነሳም።
ተቀባዩ ‹ይዤዋለሁ› ካላለ፣ የኔ እጅ አይለቅም።
አዌቱ ሲሞላ ልጅ አሻግረሽ አታውቂም?
ከማዶ ያለው ክንዱን ጨብጦ ‹ያዝኩ› እስኪል ድረስ፣
ከወዲህ ያለው ጣት አይላላም፣ ውሃው አንገት ቢደርስ።»

ያን ሌሊት ፕሮግራሜን አፈረስኳት።
ሁለት የነበሩት መስመሮች፣ ሊነጋ ሲል አርባ ሆኑ።
ቅዳ መጀመሪያ፤ በጊዜያዊ ስም ይቆዩ፣ ደርሰው እስኪታመኑ።
ከዚያ ቁጠር፤ ባይት በባይት፣ የወጣውን ከገባው ጋር፤
አንዲት ነጥብ ብትጎድል፣ ሳታፍር ከመነሻው ጀምር።
ሞክሼ ካለ በዚያ ቤት፣ አትደርብበት፤ ጠይቅ።
ሁለት ሙና መሐመድ አሉን፤
አንዷን ፔኒሲሊን ያድናታል፤ አንዷን ይገድላታል።
ዲስክ ይህን አያውቅም፤ ሞክሼን በሞክሼ ይቀብራል።

ከጓዳ ወደ ሳሎን ቢሆን፣ በአንድ ዲስክ ውስጥ፣ ስም መለወጥ ብቻ ነው፤
መሀል ላይ ወንዝ ሲኖር ግን፣ ማዛወር የምንለው
መቅዳትና መሰረዝ ነው፤ ጭንቁ በመሀል ያለው።
«ሰርዝ» የምትለዋም መስመር፣
ከሁሉ ኋላ ተቀመጠች፣ እንደ እንግዳ አፍራ ከበር።
አሁን ዲስኩ ከማዶ «ይዤዋለሁ» ሳይለኝ፣
ከመነሻው አንዲት ፊደል አልነካም፣ አለቃዬ ቢቆጣኝ፣ ናፍጣ ቢያልቅብኝ።

ነኢማ ሐሙስ መጣች፣ ከሰቃ፤ ዣንጥላዋ ውሃ እያንጠባጠበ።
የወረቀት ካርዷ ተገኘ፤
ሁለት ሺህ ዘጠኝ ላይ ያልቃል፣ ቀለሙ እንደ ነጠበ።
ከዚያ ወዲህ ያለውን ጠየቅኳት። የምታስታውሰውን ነገረችኝ፤ ጻፍኩ።
«ደሜ ስንት ነበር ያን ጊዜ፣ ያ ልጅ ሲወርድብኝ?» አለች።
አላወቅኩም። ዝም አልኩ።

ሃያ ሺህ ሰው ተሻግሯል፤ ርክክቡ ተፈርሟል፤
መደርደሪያው ላይ ግን፣ በነኢማ ቦታ፣ አንዲት ቢጫ ካርቶን ቆማለች፤
በራሴ እጅ ጽሑፍ እንዲህ ትላለች፦
የሄደበት፦ አልታወቀም።
ቀን፦ ሐምሌ ዘጠኝ።
ወሳጅ፦ እኔ።